ለክረምት ዕረፍት ከቤተ ሰብ ጋራ ወደ እስክንድርያ ለመሄድ የሚደረግ ዝግጅት

ክረምት በእኛ አገር ዝናምና ጉም የሚበረታበት፥ ሰው ከእሳት ዳር የማይርቅበት ወራት ነው። በዚያው ወራት በግብጽ አገር በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ሰማዩ የጠራ፥ ዝናም የማይታሰብበት በጋ ይሆናል። የፍርድ ቤት ዕረፍት በነሐሴ ስለሚጀምር፥ ትምህርት ቤትም በዚያው ጊዜ ተዘግቶ ስለሚቈይ፥ እንደ እኔ ዓመቱን በመዝገብና በቀጠሮ መካከል ለሚፈጽም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቤተ ሰቡን ይዞ ባሕር ለማየት የሚመቸው ጊዜ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ወደ እስክንድርያ ለመሄድ አሰብን። ያሰናዳነውን ነገር፥ አስቀድሞም የተሳሳትነውን ጭምር፥ እንዲህ ያለ አሳብ ላላቸው የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልጽፍ ወደድሁ።

አስቀድሜ ስሕተቴን ልናገር። ከስድስት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር ቤተ ሰቤን ይዤ ወደ ጅቡቲ ወርጄ ነበር። ባሕሩ ቅርብ ነው፥ መንገዱም አጭር ነው ብዬ ከዚህ የበለጠ ሳልመረምር ተነሣሁ። በዚያ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ፥ ከምድረ በዳ የሚመጣው ነፋስም ከጋለ ምጣድ ላይ እንደሚነሣ ትኵሳት ፊትን እንደሚያቃጥል፥ ከአገሩም ሰዎች አቅም ያላቸው በዚያ ወራት ወደ ደጋ እንደሚወጡ የሰማሁት እዚያ ከደረስሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው ሴት ልጄ በሁለተኛው ቀን በሙቀት ተመትታ ታመመች። ሌሊቱን በሙሉ እርጥብ ጨርቅ ስንለዋውጥላት አደርን፤ ባሕሩንም ከመስኮት ብቻ አይተን ተመለስን። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ባሕር» የሚለው ቃል በተነሣ ቍጥር ዓይኗ ወደ ልጂቱ ይሄድ ነበር። መዝገብ ሳይመረምር የሚፈርድ ዳኛ ቢገኝ የምነቅፈው እኔ፥ ለልጆቼ ጉዞ ያን ያህል እንኳ አልመረመርሁም ነበር።

አሁን ግን አስቀድሜ የመረመርሁት ሙቀቱን ነው። በእስክንድርያ የነሐሴ ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ሌሊቱም ከባሕር በሚነፍሰው ነፋስ ይቀዘቅዛል። በካይሮ በዚያው ቀን 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው 30 ዲግሪ ቀላል አይደለም፤ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ ልብስ ከገላ ይጣበቃል። ቢሆንም ሕፃንንና አረጋዊን የሚያሰጋ ሙቀት አይደለም። ሌላ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የካይሮ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በዚያ ወራት ወደ እስክንድርያ ስለሚወርድ ከተማዪቱ ትጨናነቃለች፥ የማረፊያ ዋጋም ይወደዳል። ስለዚህ ማረፊያን በግንቦት መያዝ ይገባል፤ እኛም እንዲሁ አድርገናል።

ካርታውን ዘርግቼ የሚታዩትን ሥፍራዎች አንድ በአንድ ስጽፍ ሃያ ሦስት ሆኑ። ለእያንዳንዱም ልክ እንደ ችሎት ቀጠሮ ሰዓት ሰጠሁት። አንድ ቀን ማታ የ14 ዓመት ልጄ ዝርዝሩን ጮኾ ሲያነብ፥ እናቴ በጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተው እንዝርቱን አቆሙና «ልጄ፥ ዓባይ ባሕር የሚገባው በዚያ አገር ነው ይሉ የለምን? እሱስ የቱ ላይ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። በሃያ ሦስቱ ውስጥ አልነበረም።

እናቴ የተወለዱት በጐጃም በሰከላ ነው። ከግሽ ዓባይ፥ ማለት ዓባይ እንደ ጕድጓድ ምንጭ ከሣር ሥር ብቅ ከሚልበት ሥፍራ፥ ብዙ አይርቅም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፥ ከዘመናት በኋላ ውሃ ሳይነካቸው እንደ ተቀበሉ የሚነገረውም በዚሁ ሥፍራ ነው። እናቴ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ወንዙን በአንድ ዝላይ ይሻገሩት እንደ ነበረ ሁልጊዜ ያወራሉ፤ ልጆቼም አያምኗቸውም ነበር። ያን ማታ «መነሻውን በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፤ መድረሻውን ባየው ደስ ይለኛል» ብለው ፈትላቸውን ቀጠሉ። ከዚህ በላይ አልለመኑም። እኔ ግን ዝርዝሩን አጥፌ በኪሴ አኖርሁት፤ እርሳቸው አብረውን ይሄዳሉ ብዬ እስከዚያች ሰዓት አስቤ አልነበረምና።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምሽት ሙሉ ከባለቤቴ ጋራ ተከራከርን። እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጕልበታቸውን ያማቸዋል፥ የደም ብዛትም መድኃኒት ይወስዳሉ። ባለቤቴ «ልጅ ታሞብን ዐየህ፤ እሳቸው ቢታመሙብንስ በሰው አገር ምን እናደርጋለን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴን ከማንም ይልቅ የምታስታምማቸው እርሷ እንደ ሆነች ስለማውቅ ይህ ከክፋት የመጣ ንግግር አይደለም። በሦስተኛው ቀን ግን «እንግዲያው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፤ እሱ የሚለውን ሰምተን እንወስን» አለች። ዝግጅታችንም የተጀመረው በእውነቱ ከዚያ ነው፤ ከሃያ ሦስቱ ሥፍራዎች አይደለም።

በሐኪም ቤት ያገኘነው ነገር ለሌሎችም ስለሚጠቅም በዝርዝር ልንገር። ከኢትዮጵያ ወደ ግብጽ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደበትን ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቃል። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ወረቀቱ ይጸናል፤ ከ2016 ጀምሮም በዓለም አቀፍ ደንብ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን ስጽፍ ዓ.ም. እያልሁ እለየዋለሁ።) ለልጆችና ለእኛ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን 60 ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ፥ አልፎ አልፎ ብርቱ ሕመም ሊያስከትልበት ስለሚችል ሐኪም ሳይመዝነው አይሰጥም። ሐኪሙ እናቴን መርምሮ፥ የልብና የደም ነገራቸውን አይቶ «ጕዞውን ይችላሉ፤ ክትባቱን ግን አልመክርም» አለ። ስለዚህ በዚያው ዓለም አቀፍ የክትባት ደብተር ውስጥ፥ ለጤናቸው የማይስማማቸው መሆኑን ጽፎ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ሰጠን። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይታመንበታል፤ ቢሆንም የሚቀበለው አገር ጤና ጠባቂ ከፈለገ መንገደኛውን እስከ 6 ቀን ለይቶ ሊያቈይ ይችላል። ይህን ለእናቴ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። «ስድስት ቀን ምን አላት፤ ሱባዔ ይሆነኛል» አሉ። ባለቤቴ ሣቀች፤ በዚያው ሣቅ ክርክራችን አለቀ።

የመነሻው ቀን ደግሞ ከዚህ ይልቅ በቀላሉ ተቈረጠ። ፍርድ ቤት በነሐሴ መባቻ ሲዘጋ ጾመ ፍልሰታም በዚያው ቀን ይገባል፤ እናቴም ጾሙን ከደብራቸው ርቀው፥ ቅዳሴና ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሳይሰሙ አያሳልፉትም። ስለዚህ ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ከተፈታ፥ ኪዳነ ምሕረትንም ካነገሡ በኋላ፥ ነሐሴ 18 ቀን እንነሣለን፤ ነሐሴ 28 ቀን ለእንቍጣጣሽ ዝግጅት እንመለሳለን። በዚህም ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አገኘሁ። የግብጽ ክርስቲያኖች የእመቤታችንን ጾም የሚጾሙት ልክ በእኛው ቀን ነው፤ አዲስ ዓመታቸውም የእኛው መስከረም 1 ቀን ነው። ወሩና ቀኑ አንድ ሆኖ የሚለየው የዓመቱ ቍጥር ነው፤ እነርሱ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ዓመተ ሰማዕታት ብለው ስለሚቈጥሩ ከእኛ ዓመተ ምሕረት 276 ያንሳል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለልጄ ግን አዲስ ነገር ሆነበት፥ እየደመረና እየቀነሰ አመሸ።

ከአዲስ አበባ ካይሮ በአይሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ግብጽ ከ2023 ጀምራ በበጋ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ስለምታስቀድም በነሐሴ ሰዓታችን እኩል ነው፤ አቈጣጠሩ ብቻ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው። ቪዛውን አስቀድሞ ከኤምባሲ ማውጣት ያስፈልጋል። በካይሮ አንድ ሌሊት እናርፋለን እንጂ ከተማውን ለማየት አንሞክርም። ፒራሚዶቹን ሳያዩ ማለፍ ልጄን አሳዝኖታል፤ እኔ ግን በ35 ዲግሪ ፀሐይ በአሸዋ ላይ እናቴን ማቆም አልወደድሁም። ለሌላ ዓመት ይቈየው።

ከካይሮ እስክንድርያ ያለውን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ በባቡር እንሄዳለን። በመኪና መሄድ ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን ባቡሩን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ይህ መንገድ ከአፍሪካ የባቡር መንገዶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ በ1854 መሥራት ጀምሮ በ1856 ከእስክንድርያ ካይሮ ደረሰ። ሁለተኛው፥ ሐዲዱ በከፍር ኤል ዘያት አጠገብ የዓባይን የምዕራብ ክንድ በድልድይ ስለሚሻገር እናቴ ከመስኮት ሆነው ያዩታል። በዚሁ ሥፍራ ድልድዩ ሳይሠራ ሠረገላዎቹ በታንኳ ይሻገሩ በነበረበት ዘመን፥ በ1858 የግብጽ አልጋ ወራሽ አሕመድ ሪፍዓት የተሳፈረበት ሠረገላ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ስለዚህ ወራሽነቱ ለወንድሙ ለእስማኤል ተላለፈ፤ እስማኤልም በ1863 ነግሦ በ1875 ወደ ጕንደት፥ በ1876 ወደ ጕራ ጦር የላከብን ነው። በሁለቱም ሥፍራ ጦሩ ድል ሆነ። ያን ቀን ሠረገላው ባይወድቅ ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ልጄ በዚያ ድልድይ ላይ ስናልፍ እንዳስታውሰው ቃል አስገብቶኛል።

እስክንድርያ ራሷ በባሕሩና በመርዩጥ ሐይቅ መካከል የተዘረጋች ቀጭንና ረዥም ከተማ ናት። ይህን ያላወቀ እንግዳ ማረፊያውን በአንድ ጫፍ ይዞ የሚያየው ነገር ሁሉ በሌላው ጫፍ ሆኖበት ቀኑን በመንገድ ላይ ይጨርሳል። እኛ መካከሉን መረጥን፤ አሳንሰር ያለው፥ ከባሕር ዳሩ ጐዳና የማይርቅ ቤት ነው። ለእናቴ የሚሆነው ክፍል ባሕሩን የሚያሳይ ይሁን ብላ የጸናችው ባለቤቴ ናት።

ከሃያ ሦስቱ ሥፍራዎች ስድስት ቀሩ። መሰረዝ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ የቀሩት ብዙ ነገር የሚያስተምሩ ናቸው። በምዕራቡ ጫፍ ያለው የቃይትባይ ምሽግ በ1477 መሠራት የጀመረ ሲሆን የቆመው፥ ከዓለም ድንቅ ሥራዎች አንዱ የነበረው የፋሮስ መብራት በነበረበት ሥፍራ ነው፤ መብራቱ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ ነበረው፥ በ1303 እና በ1323 በደረሰው የምድር መናወጥ ፈረሰ። ልማድ የጶምፔዩስ ዓምድ የሚለው፥ ወደ 27 ሜትር የሚሆነው የቀይ ድንጋይ ዓምድ ደግሞ በእውነቱ ለጶምፔዩስ አይደለም፤ ለዚያው ሰማዕታትን ላስፈጀው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ ነው። ለልጄ የቍጥር ትምህርቱን የምፈጽምለት በእርሱ ሥር ነው። በ1900 አንድ አህያ ጕድጓድ ውስጥ በመውደቁ ተገኘ የሚባለውን የኮም ኤል ሹቃፋን የምድር ውስጥ መቃብር እኔና ልጄ ብቻ እንወርዳለን፤ ደረጃው ለጕልበት የሚሆን አይደለምና። የግሪክና የሮማ ዘመን ሙዚየም ከ2005 ጀምሮ ተዘግቶ ቈይቶ በ2023 እንደ ገና ስለ ተከፈተ እርሱንም ጨመርሁ።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ተመርቋል። በጥንት ዘመን የነበረውን ስመ ጥር ቤተ መጻሕፍት ለማሰብ የተሠራ ሲሆን፥ ከአስዋን ድንጋይ የተሠራው ክብ ግድግዳው የብዙ ሕዝቦች ፊደል ተቀርጾበታል። የ9 ዓመቷ ልጄ በዚህ ግድግዳ ላይ የእኛን ፊደላት እንድትፈልግ ሥራ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን በየማታው ፊደሏን ታጠናለች። ትምህርት ቤት ያላስደረጋትን ይህ አስደረጋት።

ስለ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፥ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ጵጵስና ሾሞ ወደ እኛ የላከው በዚህች ከተማ መንበር ሆኖ ነው። ከዚያ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. እስከ ተሾሙ ድረስ፥ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ጳጳስ የሚመጣልን ከዚህ መንበር ነበር። ፓትርያርክ ያገኘነውም በ1951 ዓ.ም. ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ለዚህ ቀን የሚሆን አዲስ ነጠላ ለብቻ አስቀምጠዋል። እሑድን ሙሉ በሙሉ ለእርሳቸው ትተንላቸዋል።

አሁን ወደ ባሕሩ ልመለስ፤ ልጆች የሚሄዱት ለዓምድ ሳይሆን ለባሕር ነውና። የሐይቅና የወንዝ አገር ሰው ባሕርን አያውቀውም። ከእስክንድርያ በስተ ምዕራብ በአጀሚ ባለው አንድ የባሕር ዳርቻ በሐምሌ 2020 በአንድ ቀን 11 ሰዎች ሰጠሙ፤ ከመካከላቸው አንድ ልጅ ሲሰጥም ሌሎቹ ሊያወጡት ገብተው ነው ተብሎ ተነግሯል። ውሃው ከላይ ጸጥ ያለ ሲመስል ከሥር ወደ ውስጥ የሚጐትት ማዕበል አለው። ስለዚህ ልጆቹ የሚገቡት በስተ ምሥራቅ በመንተዛ በኩል፥ ምድሩ ባሕሩን በከበበበት ሥፍራ፥ ጠባቂ ባለበት ብቻ፥ እስከ ወገባቸውም ብቻ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም አይገባም። ዐርብ ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ በዚያ ቀን ወደ ባሕር አንሄድም። ይህን ሕግ በወረቀት ጽፌ ሁለቱንም አስፈርሜአቸዋለሁ። ልጄ «ይግባኝ ይኖረዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልሁት።

ስለ ምግብ ብዙ አያሳስብም። ፉል በእኛም ከተሞች የታወቀ ነው። ኮሸሪ የሚሉት ሩዝ፥ ምስር፥ ማካሮኒና ሽምብራ ከቲማቲም መረቅና ከተጠበሰ ሽንኵርት ጋራ የሚቀርብ ነው፤ ቅቤ የለበትምና ለረቡዕና ለዐርብ ይሆናል። ዓሣ የሚወድ ሰው ከሩዝ ጋራ የተሠራውን ሰያዲያ ይጠይቅ። እናቴ ግን ሽሮና በርበሬ፥ ጥቂት ድርቆሽም ይዘዋል፤ ይህን ልከለክላቸው አልሞከርሁም።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በብር ያጠራቀምነው ለዚህ ጉዞ ከአሰብነው ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ከአሥራ አራት ቀን ወደ አሥር አወረድነው። ለውጭ አገር ሰው የሚጠየቀው የመግቢያ ዋጋ ከአገሬው ይበልጣል፤ ተማሪዎች መታወቂያ ካሳዩ ግን ይቀነስላቸዋል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት መታወቂያ በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ይበጃል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ወደ ተጻፈችው ወደ ራሺድ ልምጣ። ፈረንጆች ሮዜታ ይሏታል። ከእስክንድርያ በስተ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በመኪና ማልዶ ሄዶ ለማታ መመለስ ይቻላል። መንገዱ በአቡ ቂር ባሕረ ሰላጤ በኩል ያልፋል፤ የእንግሊዙ ኔልሰን በ1798 የናፖሌዎንን መርከቦች ያቃጠለበት፥ በ2000 ደግሞ ባሕር የዋጠው የሄራክልዮን ከተማ ከውሃ በታች የተገኘበት ሥፍራ ነው። በራሺድ አጠገብ በሐምሌ 1799 የፈረንሳይ ወታደሮች ምሽግ ሲጠግኑ፥ አንድ ቃል በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተቀረጸበትን ጥቍር ድንጋይ አገኙ፤ ሻምፖልዮን በ1822 የጥንት ግብጾችን ጽሕፈት የፈታው በእርሱ ነው። ድንጋዩ ራሱ ከ1802 ጀምሮ በለንደን ይገኛል። በከተማው ውስጥ ከቀይና ከጥቍር ሸክላ የተሠሩ፥ መስኮታቸው በእንጨት ፈትል የተሸፈነ የቱርክ ዘመን ቤቶች አሉ።

ወንዙ ከካይሮ በታች በሁለት ይከፈላል፤ የምሥራቁ በድምያጥ፥ የምዕራቡ በራሺድ ወደ ባሕር ይገባል። የጥንት ጸሐፊዎች ሰባት አፍ ይቈጥሩለት ነበር። በቀድሞ ዘመን ልክ በዚህ በእኛ ክረምት መጨረሻ፥ ከጐጃምና ከወሎ፥ ከሸዋና ከጐንደር የታጠበው ቀይ አፈር እዚህ ደርሶ ባሕሩን ያደፈርሰው ነበር፤ ሰርዲን የሚባለውም ዓሣ በዚያ ተስቦ ይመጣ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ግን አፈሩ እዚያው ይቀራል። ከራሺድ በላይ በኤድፊና በ1951 የተሠራው ሌላ ግድብ ደግሞ የቀረውን ውሃ ይይዘዋል። ስለዚህ ወደ ባሕር የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ባሕሩም ጨዋማ ውሃውን ወደ ውስጥ ይልካል። አፈር ማግኘት የቀረበትም ምድር በማዕበል እየተበላ ስለ ሄደ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶለታል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ወደቀ። እናቴን ያን ያህል መንገድ ወስጄ የማሳያቸው በልጅነታቸው የሚያውቁትን ዓባይ ሳይሆን፥ ግማሹ የባሕር ውሃ የሆነ ጸጥ ያለ ወንዝ ነው። ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልሁ ሳምንት ቈየሁ። ዝም ብል፥ በዚያ ቀን ፊታቸው ሲለወጥ ማየቱ ይከብደኛል ብዬ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ካርታውን ዘርግቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ አስዋን ላይ የሚቀረውን አፈር፥ እርሻ የሚጠጣውን ውሃ፥ ከሁሉ ተርፎ የሚደርሰውን ጥቂቱን። ጣታቸውን በካርታው ላይ ከሰከላ ጀምረው እየሳቡ፥ በሱዳን አልፈው እስከ ራሺድ ደረሱና «አገር ሁሉ ጠጥቶት የተረፈው ነዋ። እሱን ነው ማየት የምፈልገው» አሉኝ።

ልጄ በዚሁ ነገር ላይ የራሱ አሳብ አለው። በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ ግድባችን ከተመረቀ ወዲህ በቍጥሮች ተሞልቷል፤ የታክሲ ነጂ ሁሉ ቢያነሣበት ለመከራከር ተሰናድቷል። እውነቱን ይወቅ፥ ሲጠየቅም በትሕትና ይመልስ፤ ነገር ግን እንግዳ በሰው ቤት ሆኖ ነገር አይጀምርም ብዬዋለሁ። አያቱ «ስለ ውሃው እኔን ይጠይቁኝ» ብላዋለች ብሎ ነገረኝ። ዐረብኛ አያውቁም።

ስንመለስ ባቡሩን ትተን በመኪና በምድረ በዳው መንገድ እንመጣለን፤ ምክንያቱም መጻሕፍታችን አስቄጥስ የሚሉት፥ ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው ሸለቆ በዚያ መንገድ አጠገብ ነው። ከጥንቶቹ ብዙ ገዳማት አራቱ ዛሬም ቅዳሴ አላቋረጡም፤ የአባ መቃርስ ገዳም ከእነርሱ አንዱ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእኛ አገር መነኮሳትም በዚህ ሸለቆ ይኖሩ ነበር። በጾም ወራት እንግዳ የማይቀበሉ ገዳማት ስለሚገኙ፥ ከፍልሰታ በኋላ መሄዳችን ለዚህም ጠቀመን።

አሁን ሐምሌ 20 ቀን ነው። የአምስታችንም ፓስፖርት ቪዛ ተመትቶበት ተመልሷል፤ የሐኪሙም ጽሑፍ በእናቴ ደብተር ውስጥ ነው፥ ግልባጩን ባለቤቴ በቦርሳዋ ይዛለች። በራሺድ ከከተማው እስከ ወንዙ አፍ በጀልባ የሚያደርሰን ሰው እዚያ ስንደርስ እንፈልጋለን፤ ጀልባው ደረጃ ያለው፥ ጥላም ያለው ይሁን ብላ ባለቤቴ በዝርዝሩ ራስ ላይ በራሷ እጅ ጽፋለች። ትናንት ማታ እናቴ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አምጥተው «ይህ በሻንጣ ይሄዳል ወይስ ይወስዱብኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ባለፈው ዓመት ከሰከላ የመጣላቸው የግሽ ዓባይ ጠበል ነው። በእጅ የሚያዝ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ይህ ያልፋል፥ ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልለን እናስገባዋለን አልኋቸው። ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ አልጠየቅሁም። ልጂቱ በአዲሱ ነጠላ እንዳትጠቀልለው፥ በእርሷ ሹራብ እንድትጠቀልለው ነገሯት።